በደስታ ስለሚሰጥ ሰው፤ ስለ ምጽዋትና ስለ መንግሥት እንጀራ የቀረበ ምርመራ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ በሁለተኛይቱ የቆሮንቶስ መልእክቱ፥ በምዕራፍ ፱ ቍጥር ፯፥ ስጦታ ከልብ ፈቃድ የሚወጣ እንጂ በኀዘንና በግዴታ የሚነጠቅ እንዳይሆን፥ እግዚአብሔርም የሚወደው ፊቱን ሳያጠቍር የሚሰጠውን ሰው እንደ ሆነ ያስተምራል። ቃሉ አጭር ነው፤ በዘመናችን ግን ያልተሸከመውን ሸክም አሸክመውታል።

ይህን ቃል ይዘው ከሚያስተምሩት አንዳንዶቹ እንዲህ ይላሉ። መንግሥት ለድኃ የሚሰጠው እንጀራ ከግብር የመጣ ነው፤ ግብርም በግድ የሚከፈል ነው፤ በግድ በተከፈለው ነገር ጽድቅ የለበትም፤ ስለዚህ ድኃን መርዳት ለቤተ ክርስቲያንና ለምእመናን ይተው፥ መንግሥትም ከዚህ ሥራ እጁን ይሰብስብ። ሁለተኞቹ ወገኖች ደግሞ በአፋቸው ባይናገሩትም በሥራቸው ይተረጕሙታል። መንግሥት ጡረታ ያወጣል፥ በረኃብ ጊዜም እህል ያከፋፍላል፤ እኛም ግብራችንን ከፍለናል፤ እንግዲህ በደጃችን የሚቆመው ሰው ወደ ቀበሌው ይሂድ ይላሉ። እነዚህ ሁለቱ የሚጣሉ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ውኃቸው ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ነው። ሁለቱም የሰጪውን ዋጋና የተራበውን ሰው እንጀራ አንድ ነገር አድርገው ቈጥረዋል። የዚች ጽሑፍ ፈቃድም ይህን መደባለቅ መለየት ነው።

አስቀድሞ ቃሉን በስፍራው እናንብበው። ሐዋርያው ይህን የጻፈው በኢየሩሳሌም ላሉ ድኆች ምእመናን ከመቄዶንያና ከአካይያ ገንዘብ በሚሰበሰብበት ጊዜ ነው። የመቄዶንያ ሰዎች በጽኑ ድኅነት ሳሉ ከዐቅማቸው በላይ እንደ ሰጡ በምዕራፍ ፰ መጀመሪያ ይመሰክርላቸዋል። ይሁን እንጂ ሥራው ሁሉ ለሰው ስሜት የተተወ አልነበረም። በመጀመሪያይቱ መልእክት በምዕራፍ ፲፮፥ እያንዳንዱ ሰው በየሳምንቱ በፊተኛው ቀን እንደ ገቢው መጠን እንዲያስቀምጥ ሥርዓት አውጥቷል። በሁለተኛይቱም በምዕራፍ ፰ ቍጥር ፲፰ እስከ ፳፩፥ ገንዘቡን የሚያደርሱ ሰዎች በአብያተ ክርስቲያናት ምርጫ መሾማቸውን፥ ይህም የሆነው ስለ ብዙው ገንዘብ ማንም ነቀፋ እንዳያገኝ እንደ ሆነ ይናገራል። ከቲቶ ጋር ስሙ ሳይጻፍ የተላከውን ወንድም አንዳንድ መተርጕማን ሉቃስ ነው ይሉታል፤ ማንም ይሁን ማን፥ ሥራው የገንዘብ ጠባቂነትና የምስክርነት ነበር። እንግዲህ ቀጠሮ፥ መስፈሪያ፥ ምርጫና ሒሳብ ያለበትን ነገር ሥርዓት የሌለው የግል ቸርነት ነው ማለት አይቻልም።

የዚህም ሥርዓት ምክንያት በዚያው ምዕራፍ በቍጥር ፲፫ እስከ ፲፭ ተገልጧል። የአንዱ ትርፍ የሌላውን ጕድለት እንዲሞላ፥ መካከላቸውም እኩል እንዲሆን ነው። ለዚህም የመናን ነገር ምሳሌ አድርጎ አመጣው፤ ብዙ የለቀመ አልተረፈውም፥ ጥቂት የለቀመም አልጐደለበትምና። ልብ እንበል፤ መና የወረደው ለሁሉ ነው፥ የተሰፈረውም በሁሉ ጎሞር ነው፤ ከዚያ አሳልፎ እስከ ነገ ያኖረው ተልቷል። በደስታ ስለ መስጠት የተናገረው ሐዋርያ ስለ እኩልነትም የተናገረው እርሱ ራሱ ነው። የፊተኞቹ መተርጕማን አንዱን ቍጥር ይዘው ሌላውን ጣሉት።

ደግሞም በግድ አይሁን የተባለው ለማን ነው? የሰጪውን ልብ የሚመረምር ቃል ነው እንጂ የተቀባዩን እንጀራ የሚመረምር አይደለም። በኢየሩሳሌም የተቀመጠ ድኃ ድርሻው በደረሰው ጊዜ፥ ይህ ከደስተኛ ሰው የመጣ ነው ወይስ ከሚያጕረመርም ሰው ብሎ መርምሮ የሚያጕረመርመውን እንዲመልስ አልታዘዘም። የሚያጕረመርም ሰው ዋጋውን ያጣል፤ ከእርሱ የወጣው ስንዴ ግን ሆድ ይሞላል። መንግሥት ስንዴ መስጠቱን ይተው፥ የእኔ ስጦታ ዋጋ እንዲያገኝ የሚል ሰው፥ የወንድሙን ረኃብ ወደ ሰማይ የሚወጣበት መሰላል ማድረጉን አላስተዋለም።

በግድ በተወሰነ ነገር ጽድቅ የለም የሚለው ቃል ደግሞ በኦሪት ፊት ሊቆም አይችልም። በዘሌዋውያን ምዕራፍ ፲፱ ቍጥር ፱ና ፲፥ በዘዳግምም ምዕራፍ ፳፬፥ ባለ እርሻው የእርሻውን ዳር እንዳያጭድ፥ የረሳውንም ነዶ ተመልሶ እንዳይወስድ፥ ቃርሚያውም ለመጻተኛ፥ ለድኃ አደግና ለመበለት እንዲቀር ታዝዟል። ይህ ምክር አይደለም፤ ሕግ ነው። ባለ እርሻው ቢወድም ባይወድም የእርሻው ዳር የእርሱ አይደለም። ይህ ሕግ በሥራ እንዴት እንደ ነበረ ለማየት የሚወድ ሰው መጽሐፈ ሩትን ያንብብ። እኔ ስለዚህ ክርክር ከተጻፉት ሁሉ ከሩት ምዕራፍ ፪ የሚበልጥ አላገኘሁም።

ሩት ከሞዓብ የመጣች መጻተኛና መበለት ናት። በቤተ ልሔም እርሻ ከአጫጆች በኋላ ለመልቀም ስትገባ ፈቃድ ጠየቀች እንጂ ምጽዋት አልለመነችም፤ ቃርሚያው በሕግ የእርስዋ ነበርና። ቦዔዝ ግን ሕጉ በወሰነለት ላይ አልቆመም። በምሳ ሰዓት ከአጫጆቹ ጋር አስቀመጣት፥ ቆሎም ሰጣት፥ በልታም እስክትጠግብ አተረፈች። ከዚያም ጐልማሶቹን፥ በነዶው መካከል ትልቀም፥ ከእስሩም ሆን ብላችሁ ጣሉላት፥ አትገሥጹአትም ብሎ አዘዛቸው። በዚያ ቀን ማታ የወቃችው ገብስ አንድ የኢፍ መስፈሪያ ያህል ሆነ። በዚህ ገብስ ውስጥ የትኛው ፍሬ የሕግ እንደ ሆነ፥ የትኛውም የፍቅር እንደ ሆነ የሚለይ ማን ነው? ሕጉ ባይኖር ሩት በቦዔዝ ደግነት ላይ ብቻ ተንጠልጥላ ትቀር ነበር፤ እንደ ቦዔዝ ያለ ሰውም በየእርሻው አይገኝም። ናዖሚ በቍጥር ፳፪፥ በሌላ ሰው እርሻ እንዳያገኙሽ ከዚህ ሰው ገረዶች ጋር መውጣትሽ መልካም ነው ያለቻት ይህን ስለምታውቅ ነው። ሕጉ ብቻ በሆነ ደግሞ ጥቂት ዛላ ለቅማ፥ ማንም ቀና ብሎ ሳያያት፥ በባዶ አፍ በተመለሰች ነበር። ሕጉ ደግነትን አላጠፋም፤ የሚቆምበትን መሬት ሰጠው።

ነገሥታትም ድኃን መጠበቅ ከሥራቸው ውጭ እንደ ሆነ የሚናገር መጽሐፍ የለንም። መዝሙር ፸፩ ስለ ንጉሥ የተጸለየ ጸሎት ነው፤ ለንጉሥ የሚለመንለትም የመጀመሪያው ነገር ለድኆች እንዲፈርድ፥ የችግረኛውንም ልጆች እንዲያድን ነው። የፊተኞቹ መተርጕማን ይህን መዝሙር በማለዳ ይደግሙታል፥ በጉባኤም ይረሱታል።

እውነትን ለመናገር ግን፥ በእነርሱ ክርክር ውስጥ ሊናቅ የማይገባ አንድ ፍርሃት አለ። የመንግሥት እንጀራ ሰውን ባሪያ ያደርገዋል ይላሉ። ለዚህም ከዮሴፍ ታሪክ የበለጠ ምስክር አያስፈልጋቸውም። በዘፍጥረት ምዕራፍ ፵፩ ዮሴፍ ከጥጋቡ ዘመን እህል ከአምስት አንዱን እጅ አከማቸ፤ ይህም ሀገርን ያዳነ ጥበብ ነው። ይህን ጥበብ የሚያደንቁ መተርጕማን ብዙዎች ናቸው፤ ምዕራፍ ፵፯ ላይ ሲደርሱ ግን እርምጃቸውን ያፋጥናሉ። በዚያ የተጻፈው ግን ከባድ ነው። ሕዝቡ እህሉን በነፃ አልበላም። በመጀመሪያ ብሩን፥ ቀጥሎ ከብቱን፥ በመጨረሻም መሬቱንና ሰውነቱን ለፈርዖን ሸጦ በላ። ነፍሳችንን አዳንህ፥ ለፈርዖንም አገልጋዮች እንሆናለን አሉ። ምስጋናውና ባርነቱ በአንድ አፍ ተነገሩ።

በዚሁ ምዕራፍ በቍጥር ፳፪ና በቍጥር ፳፮ አንድ ነገር ተጨምሯል፤ የካህናቱን መሬት ብቻ አልገዛም፥ ከፈርዖን ዘንድ ድርጎ ነበራቸውና። እኛ በመቅደስ የቆምን ሰዎች ይህን ስናነብ ጥቂት ማፈር ይገባናል። ሕዝቡ መሬቱን ሸጦ ሲበላ የመንግሥትን ድርጎ የበሉት ካህናት ነበሩ፤ ዛሬ መንግሥት ድኃውን ማብላት አይገባውም የሚለው ድምፅም አብዛኛውን ጊዜ ከጠገበ ሰው አፍ ይሰማል።

ፍርሃቱ እውነት ቢሆንም መድኃኒቱ እነርሱ የሚሉት አይደለም። የሚያስር የመንግሥት እንጀራ ብቻ ነውን? በቀድሞው ዘመን በጌታ ግብር ቤት የበላ ሰው የዚያ ጌታ ሰው ይሆን ነበር፤ ጋሻውን ይይዛል፥ በሙግትም ጊዜ ከኋላው ይቆማል። የባለጸጋው ደግነት ገመድ የለውም ያለ ማን ነው? ዮሴፍን የሚነቅፍ፥ እህሉን በመስጠቱ አይንቀፈው፤ በመሸጡ ይንቀፈው።

ይህ ክርክር በእኛ ዘመን የተጀመረ አይመስለን። በአራተኛው መቶ ዓመት ቤተ ክርስቲያንና የሮም መንግሥት በዚሁ ነገር ተገናኝተዋል። ዑልያኖስ ከሓዲ (ከ361 እስከ 363 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የነገሠው) ክርስቶስን ክዶ የጣዖትን አምልኮ ሊመልስ በተነሣ ጊዜ፥ ለገላትያ የጣዖት ሊቀ ካህናት ለአርሳቅዮስ ደብዳቤ ጽፏል። በዚያ ደብዳቤ፥ ክርስቲያኖች የራሳቸውን ድኆች ብቻ ሳይሆን የእኛንም ጭምር ይመግባሉ፥ ይህም ለእኛ ነውር ነው ብሎ ያማርራል። ስለዚህ ለገላትያ ሁሉ በየዓመቱ 30,000 ሞድዮስ ስንዴና 60,000 መስፈሪያ ወይን እንዲሰጥ፥ ከዚያም አምስተኛው እጅ ካህናተ ጣዖትን ለሚያገለግሉ ድኆች፥ የቀረውም ለእንግዶችና ለለማኞች እንዲከፋፈል አዘዘ። ገላትያ ማለት ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክት በምዕራፍ ፲፮ ቍጥር ፩፥ ስለ ድኆች የሚሰበሰበውን ገንዘብ ሥርዓት አስቀድሞ ያዘዘላት ያችው አገር ናት። ሐዋርያው ካዘዘ ሦስት መቶ ዓመት በኋላ ከሓዲው ንጉሥ የእርሱን ሥርዓት ለመቅዳት ተገደደ። ከጠላት አፍ የወጣ ከዚህ የሚበልጥ ምስክርነት የት ይገኛል? የዑልያኖስ ኀጢአት ክህደቱና ቅንዓቱ ነው፤ ስንዴው ግን ኀጢአት አልነበረበትም።

ከዚህ ጥቂት ዓመት በኋላ በአጠገቡ ባለችው በቀጰዶቅያ በ368ና በ369 ጽኑ ረኃብ ሆነ። ቅዳሴው በቤተ ክርስቲያናችን የሚቀደሰው ቅዱስ ባስልዮስ ያን ጊዜ ቄስ ነበር። ጎተራቸውን ዘግተው ዋጋ እስኪወደድ የሚጠብቁትን ባለጸጎች በስብከቱ ወቀሳቸው፥ ጎተራቸውንም አስከፈተ። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ እንደ መሰከረለት፥ የተራቡትን በአንድ ስፍራ ሰብስቦ በታላላቅ ድስት የአተር ወጥ እያስቀቀለ ራሱ ያገለግላቸው ነበር። ኤጲስ ቆጶስ ከሆነ በኋላም ከቂሳርያ ከተማ ውጭ ለድኆች፥ ለሕሙማንና ለእንግዶች ሐኪምና አስታማሚ ያለበት ትልቅ ቤት ሠራ፤ ለምጻሞችንም ይስም ነበር።

የፊተኞቹ መተርጕማን ይህን ታሪክ በደስታ ይጠቅሱታል፤ እኩሌታውን ግን ይተዉታል። አርዮሳዊው ንጉሥ ዋሌንስ፥ ባስልዮስ በሃይማኖት ነገር ፊት ለፊት የተቃወመው ያው ንጉሥ፥ ለድኆቹ መጠበቂያ የሚሆን መልካም መሬት እንደ ሰጠ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሓፊ ቴዎዶሪጦስ ጽፏል። ባስልዮስም ለሀገረ ገዥው ለኤልያስ ስለዚሁ ቤት ጽፎለታል፤ ለግብር ሹማምንትም የድኆች ቤቶች ከግብር ነፃ እንዲሆኑ ለምኗል። ባስልዮስ የንጉሡን እምነት አልተቀበለም፤ መሬቱን ግን ስለ ድኆች ተቀበለ።

አሁን ወደ ሁለተኞቹ፥ ግብራችንን ከፍለናልና ተፈጽሟል ወደሚሉት እንመለስ። ለእነዚህ መልስ የሰጣቸው ዮሐንስ አፈወርቅ ነው። በአንጾኪያ ሲያስተምር የቤተ ክርስቲያኒቱ ገቢ ከመካከለኛ ባለጸጋ ገቢ የማይበልጥ ሲሆን በመዝገብ የተጻፉ 3,000 መበለታትና ደናግል በየቀኑ እንደሚመገቡባት፥ ከዚህም ሌላ እስረኞችን፥ ሕሙማንንና እንግዶችን እንደምትረዳ በማቴዎስ ወንጌል ትርጓሜው ተናግሯል። ምእመናኑም፥ እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ካላት እኔ ስለምን እሰጣለሁ ማለት ጀምረው ነበር። አፈወርቅ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክት ትርጓሜው የመለሰላቸው መልስ በሐሳቡ ይህ ነው፤ እርስዋ ብትሰጥ የአንተ ኀጢአት አይሰረይም፤ ካህናት ስለሚጸልዩ አንተ ጸሎት ትተዋለህን? በቤተ ክርስቲያን ስፍራ መንግሥት የሚለውን ብናኖር ነገሩ አንድ ነው። ሰበቡ ያው ነው፤ የተለወጠው የሳጥኑ ባለቤት ነው።

በሀገራችን የሆነውንም እንመልከት፤ የፊተኞቹ የቀድሞውን ዘመን እንደ ምስክር ይጠሩታልና። ያን ጊዜ መንግሥት ድኃን የሚረዳበት የታወቀ ሥርዓት አልነበረውም፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ጉልት ነበራት፥ መኳንንቱም ርስትና ጉልት ነበራቸው። የቤተ ክርስቲያኒቱም ጉልት ቢሆን ከነገሥታት የተሰጠ ስለ ነበር፥ ከደጀ ሰላም የሚወጣው ዳቦ የመንግሥት እጅ ያልነካው ነበር ማለት አይቻልም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ክፉ ቀን በሆነ ጊዜ ከብቱ አልቆ ገበሬው የሚያርስበት በሬ ሲያጣ፥ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደ ቈፈሩ በታሪካቸው ተጽፏል። በ1965 ዓ.ም. ደግሞ በወሎ ረኃብ ሲጸና ነገሩ ከሕዝብ ጆሮ ተሸሽጎ ቈየ፤ ብዙ ሺሕ ሰው አለቀ። ያን ጊዜ ጉልቱም በእጃችን ነበረ፥ ሰንበቴውም፥ ተዝካሩም፥ በእንተ ስማ ለማርያም የሚለው ድምፅም በየደጁ ነበረ። ረኃቡን ግን አላቆመውም። የፊተኞቹ መተርጕማን የሚመኙት ዘመን በእጃችን ነበረ፤ ፍሬውንም አይተነዋል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በዐዋጅ የሕዝብ ሀብት ከሆነ ወዲህ ደግሞ ያን ያህል እንኳ የሚያበላ ጉልት የለንም።

በ1997 ዓ.ም. ገበሬው ሴፍቲኔት የሚለው የመንግሥትና የውጭ ለጋሾች መርሐ ግብር ተጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት 5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ነበሩበት። ጕልበት ያለው እርከን ይሠራል፥ ኵሬ ይቈፍራል፥ መንገድ ይጠርጋል፤ አረጋዊና በሽተኛ የሆነው ያለ ሥራ ይቀበላል። ስሙ የሚገባውም ሰው በመንደሩ ሰዎች ተመርጦ ነው። ይህ የቃርሚያውን ሕግ ይመስላል። ቃርሚያው ይገኛል፤ እኔ የምጠይቀው ቦዔዝ የት አለ ብዬ ነው።

በማቴዎስ ምዕራፍ ፳፭ ጌታ በፍርድ ቀን የሚጠይቀው ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። እንጀራና ልብስ አለበት፤ ይህን መልእክተኛ ይወስደዋል፥ መዝገብ ቤትም ሊልከው ይችላል። የታመመውንና የታሰረውን ስለ መጠየቅ የተነገረው ግን መምጣት ነው። አፈወርቅ እንዳስተዋለው፥ ፈወሳችሁኝ፥ ከእስራት ፈታችሁኝ አላለም፤ ይህን ሁሉም አይችለውምና። እንጀራ በሰው እጅ ይላካል፤ እግር ግን ካልሄደ አይደርስም። መንግሥት ሊሠራው የማይቻለው ይህ ነው፤ እኛም የተውነው ይህንኑ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ሰውን በስሙና በፊቱ ታውቀዋለች፥ መንግሥት ግን በቍጥር ያውቀዋል የሚሉም አሉ። ቢሆን ደስ ባለን ነበር። ነገር ግን በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ ፮ የተጻፈው ሌላ ነው። ሐዋርያት ገና በሕይወት ሳሉ፥ በኢየሩሳሌም በየቀኑ በሚሰጠው ምግብ የጽርእ ቋንቋ የሚናገሩት መበለታት ይዘነጉ ነበር። የተዘነጉት በቋንቋቸው ነው። በሁለተኛው መቶ ዓመት ወይም በመንግሥት መዝገብ ቤት የሆነ አይደለም፤ በበዓለ ኀምሳ ማግስት በሐዋርያት ማዕድ ላይ የሆነ ነው። ሐዋርያትም ነገሩን አልሸሸጉም፥ የሚያጕረመርሙትንም አልገሠጹም። ሰባት ሰዎች አስመረጡ፤ የሰባቱም ስም የጽርእ ስም ነው። የተዘነጉት ወገኖች የሚያውቁአቸው ሰዎች በማዕዱ ላይ ተሾሙ ማለት ነው።

እነዚህ ሰባቱ የዲያቆናት መጀመሪያ እንደ ሆኑ ለዚህ መጽሐፍ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። እስጢፋኖስን እንደ ሰማዕት እናከብረዋለን፤ የተሾመው ግን ለማዕድ ነበር። ዛሬ ለዲቍና የሚቀርበው ልጅ ንባቡን፥ ዜማውንና ዳዊቱን ይጠየቃል፤ ይህም ተገቢ ነው። በአጥቢያው ከመንግሥት መዝገብ የቀሩ፥ ደግሞም ለመለመን የሚያፍሩ መበለታት ስንት እንደ ሆኑ፥ ቤታቸውም በየት በኩል እንደ ሆነ ሲጠየቅ ግን እኔ በዘመኔ አልሰማሁም።